ሁለት ወፍጮ በአንድ መስመር

«መስመሩ ሁለት ወፍጮ አይችልም አልኩሽ! አንዱ ሲዘጋ የምባረረው እኔ ነኝ!» አሉ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ገላው፣ ያረጀውን የናፍጣ ሞተር ተደግፈው።

«ኧረ አባዬ፣ ከነፋሱ የሚመጣው ኃይል ለሁለቱም ይበቃል። ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ አይደለሁ?» አለች ልጃቸው ትብለጥ።

«እሱማ ነው ያስፈራኝ!»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። በዘመኑ ደንብ የመስመር ሠራተኛ ለዘመድ እንዳያዳላ በገዛ ሰፈሩ አይቀመጥም፤ መስመሩን ባስረከበ ዕለት ይሄዳል። የትብለጥን ፍራሽ እናቷ ገና በጠዋት ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ ሰቅላዋለች።

ትብለጥ ማብሪያውን ተጫነች። አንደኛው ወፍጮ ተነሣ። ሁለተኛው ሲነሣ አምፖሉ ፈዘዘ። ወዲያው ግን ብርሃኑ ተመለሰ፤ ሁለቱም አብረው አጓሩ። እልልታው ቀለጠ። አባቷ ትኩሱን ዱቄት በሁለት እጃቸው እየዘገኑ «ሁለቱም! ሁለቱም ፈጩ!» እያሉ ለሴቶቹ ያሳያሉ።

ትብለጥ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።