ሰባ ሁለት ሰዓት

ነገር ሁሉ የተበላሸው ቅዳሜ፣ ሰኔ 18 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ሀብተሥላሴ ቦንጋ ውስጥ ያስተምርበት ወደነበረው የግል ኮሌጅ ሲደርስ፣ በገዛ እጁ ነድፎ የገጣጠመውን ትልቅ ኮምፒውተር ነዶ አገኘው። የአንድ ዓመት ተመራቂዎች ሥራ አብሮት አመድ ሆኗል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ውባየሁ ለሪፖርቱ ግማሽ ገጽ በቃው። «የንድፍ ስህተት» ብሎ ፈረመ። ሀብተሥላሴ ተባረረ። እዚያው ኮሌጅ በጽዳት ይሠሩ የነበሩት እናቱ እትዬ የሺሃረግም ሳምንት ሳይሞላ ሥራቸውን ለቀቁ። «ልጄን ያባረረ ቤት ውስጥ መጥረጊያ አላነሳም» አሉ ለጎረቤት።

ሀብተሥላሴ ከአመዱ ውስጥ አንድ ነገር ይዞ ወጥቷል፤ ከጣት የማትበልጥ፣ የጠቆረች የክር ቁራጭ። በፖስታ አድርጎ አስቀመጣት። ኮምፒውተር ውስጥ ክር ምን ይሠራል? ውባየሁ ጨርቅ ጨምሮ ለኩሶበታል። የክፍሉ ቁልፍ የነበረው በሁለት አስተማሪዎች እጅ ነው፤ አንዱ እሱ፣ ሌላው ውባየሁ። እሱ አልለኮሰም። ታዲያ ማን ቀረ?

«ተወው ልጄ፣ ለፈጣሪ ስጠው» ይሉታል እናቱ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እማዬ።»

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ። ዘንድሮ ለኮሌጁ አዲስ ዲን መጣች፣ ወንጌላዊት የምትባል። በየዓመቱ ያስገባ የነበረውን አቤቱታ እስከ መጨረሻው ያነበበች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። «ያንኑ ንድፍ መልሰህ ሥራው» አለችው። «በሙሉ ጭነት ሰባ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ከሠራ ፋይልህን እንደገና እከፍታለሁ።»

ከእናቱ ጋር በሚኖርበት ቤት የኮምፒውተሩን ሳጥን ከዋንዛ ጣውላ ሠራ። ሺሺንዳ ከተማ ካለ ጋራዥ የተጋጨ ሞተር ሳይክል ራዲያተር አምጥቶ ከሳጥኑ አናት ላይ አጋደመ፤ ሁለት ማራገቢያዎች ሙቀቱን ወደ ላይ እንዲተፉ አደረገ። ውሃው ከማር ጀሪካን ተነስቶ፣ ግንበኞች ልክ በሚያወጡበት ግልፅ ጎማ እየዞረ ይመለሳል። መብራት ቢሄድ ብሎ የጭነት መኪና ባትሪ ተዋሰ።

ከፊት ለፊታቸው ክፍል የተከራየው አሞጽ በራፉ ላይ ቆሞ ሳቀ። አሞጽ የውባየሁ ጸሐፊ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው ቀፎ? ንቡ ሲገባ ጥራኝ።»

«ንቡ አለቃህ ነው። ነድፎኝ ሄዷል።»

እትዬ የሺሃረግ በነገሩ አልገቡም። የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ገልጠው ዜና ከፈቱ።

የመጀመሪያው ሙከራ አምሮ ጀመረ። ሃምሳ ስምንት ዲግሪ፣ ንቅንቅ የለም። በማግስቱ ሀብተሥላሴ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ጠበቀው። መዝገቡን አየ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መቶ ዲግሪ ገብቶ ራሱን አጥፍቷል። ፈታው፣ መረመረው፣ እንከን አጣበት። በሁለተኛውም ሙከራ ሐኪም ቤት ደርሶ ሲመጣ እንደዚያው።

እሱ ሲኖር ይሠራል፤ ሲወጣ ይሞታል። እንግዲህ የሰው እጅ አለበት።

አሞጽን ኮሌታውን ያዘው። «ምን አድርግ ብሎ ላከህ?»

«ጋሼ፣ ልቀቀኝ! ቀን ሥራ ላይ እውላለሁ። ቤት የሚውሉት እትዬ የሺሃረግ ናቸው፤ ማን እንደገባ እሳቸውን ጠይቅ።»

ጠየቃቸው።

«ኧረ ማንም አልገባም» አሉ፣ ጣሪያው የሚያፈሰውን ውሃ በሳፋ እየተቀበሉ። «ይልቅ ይሄን ቆርቆሮ አንድ በለው፤ ቤቱ ሊዋኝ ነው።»

ዲኗ የመጨረሻ ዕድል ሰጠችው። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ጀመረ፤ ሰኞ አሥር ሰዓት እሷ ራሷ መጥታ ታያለች። ሀብተሥላሴ ከሳጥኑ ሥር ፍራሽ አንጥፎ ከረመ። ሰኞ ረፋድ ላይ ሃምሳ ስምንት ዲግሪ ይላል፤ የቀረው ስድስት ሰዓት ነው።

ዝም ብሎ ቢቀመጥ ያሸንፍ ነበር። ግን ለዘጠኝ ዓመት የተመኘው ማሸነፍን ብቻ አልነበረም፤ ያንን እጅ መያዝ ነው። አሞጽ ደግሞ ያን ዕለት «አሞኛል» ብሎ ከሥራ ቀርቷል።

ሀብተሥላሴ ጃንጥላውን ዘረጋ። «ዲኗ ዘንድ ደርሼ እመጣለሁ!» አለ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ከዚያ በጓሮ ዞሮ፣ እንሰቱ መሃል ዝናብ እየወረደበት በመስኮቱ አጮልቆ ቆመ። በክፍሉ ክፍት በር ማዶ ከሚታየው የአሞጽ በር ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

የአሞጽ በር አልተከፈተም። የተከፈተው የጓዳው በር ነው።

እትዬ የሺሃረግ ገቡ። ወደሚያፈሰው ጣሪያ ቀና አሉ። ከጉያቸው ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ትልቅ ነጭ ዳንቴል አውጥተው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው ቀስ ብለው ሳጥኑን ከአናቱ አለበሱት፤ ማዕዘኖቹን በመዳፋቸው አስተካከሉ።

ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ተነሳ። ስልሳ ስድስት። ሰባ አራት።

ሀብተሥላሴ ውሃ እያንጠባጠበ ገባ።

እናቱ ደነገጡ። «መጣህ? አሁን ላነሳው ነበር። ጠብታ እንዳያገኘው ብዬ እኮ ነው፣ ሀብቴ።»

ሰማንያ ዘጠኝ። እጁን ቢዘረጋ ዳንቴሉን ያነሳው ነበር። እጁ ግን ኪሱ ገብቶ ፖስታውን አወጣ፤ የጠቆረችውን ክር ከዳንቴሉ ጠርዝ አጠገብ አስቀመጠ።

«እማዬ፣ ያን ዓርብ ኮሌጁን ጠርገሽ ስትወጪ ኮምፒውተሬን ምን አልብሰሽው ነበር? መልሺልኝ!»