ከሩዝ ጆንያ የተሰፋች ከረጢት

«ከረጢቷን ክፈታት እንጂ! ምን ታፈጥብኛለህ?»

የሺአረግ ይህን የጮኸችው እርጥብ አንሶላ እንደታቀፈች፣ አንገቷን ወደ ላይ ሰቅላ ነው። ከቴምሩ ዛፍ አናት ላይ አሕመዲን ግራ እጁን በቀኝ እጁ ጨብጧል። የደረቀ ዘንባባ ሲቆርጥ ማጭዱ አዳልጦት መዳፉን ከፍቶታል። ደሙ በክርኑ እየወረደ ግንዱን ያቀልመዋል።

አሕመዲን የወሎ ልጅ ነው። በዓረብ ኤምሬትስ፣ አጅማን ከተማ ከግቢ ግቢ እየዞረ ቴምር ያጸዳል፤ በየካቲት ደግሞ ሴቴዎቹ ዛፎች ላይ የወንዴውን አበባ ቢጫ ዱቄት ይነሰንሳል። የሺአረግ የዚህ ቤት ሠራተኛ ናት። ባለፈው ጊዜ ከዛፉ ሲወርድ ልብስ እያሰጣች ስታየው ነበር ነገሩ የገባት። ወገቡን ከግንዱ ጋር አንድ ላይ የያዘውን ገመድ ዝቅ ለማድረግ ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንዱ ቢቆስል አሠሪዋ ማዳም ኩሽና ያስቀመጠችው የመድኃኒት ሳጥን ዘሎ አይደርስለትም።

ቁስል ማሰሪያ ይዘህ ውጣ ስትለው፣ «ዛፍ ላይ ክሊኒክ ልክፈት?» ብሎ ስቆባት ነበር። «ሥራውን ያስተማረኝ የፓኪስታኑ ባሉች ሽማግሌ ቢሰማ፣ ፋሻ ይዘህ የምትወጣው ደም ልትጠራ ነው ወይ ይለኛል።»

«ሽማግሌህ ስንት ጣት አለው?»

አሕመዲን አቀረቀረ። «ስምንት።»

«ኸላስ፣ በቃ! ከረጢት እሰፋልሃለሁ፣ ታንጠለጥላታለህ!»

ከሩዝ ጆንያ ትንሽ ከረጢት ሰፋችለት። አሮጌ የትራስ ልብስ ቀቅላ፣ በስሱ ቀድዳ፣ ጠቅልላ ከተተችበት። ዛሬ ጠዋት ከረጢቷን ወገቡ ላይ ስታያት፣ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ነው ያለፈችው።

አሁን አሕመዲን ከረጢቷን በጥርሱ ይዞ ገለበጣት። ቢጫ ዱቄት ቦነነ። ሌላ ምንም አልወጣም።

«ጨርቁስ?»

«አበባው እጄ ላይ ቶሎ እንዲደርስልኝ እሷ ውስጥ ልክተተው ብዬ... ጨርቁን አውጥቼ ቤት ተውኩት።»

«እሰይ! ደግ አደረግህ! በአበባ ታሰራ!»

ስድቡን ሳትጨርስ ቀና ብላ አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የሺ፣» አለ ቀስ ብሎ፤ «ጭልም እያለብኝ ነው።»

ከሳሎን የግብጽ ድራማ ይሰማል፤ ማዳም ቪዲዮዋን ከፍታለች። «ከወንድ ሠራተኛ ጋር ስታወሪ ባገኝሽ በማግስቱ ኤርፖርት ነሽ» ብላታለች፤ የምትቀልድ ሴት አይደለችም። ደጅ ላይ ራስ መግለጥማ ከነጭራሹ አይነሳም። የሺአረግ አንድ ጊዜ መስኮቱን አየች። አንሶላውን ጣለችና ሻሿን ከራሷ ላይ ገፈፈች።

አበባ የሚሳብበት ቅርጫት መሬት ላይ ነበር፤ ገመዱ ከላይ በዘንባባው ላይ ዞሮ ተመልሶ ወርዷል። ሻሿን ቅርጫቱ ውስጥ ወርውራ ገመዱን በሁለት እጇ ሳበች።

«መዳፍህ ላይ ነው፣ ጥብቅ አድርገህ! እጅህን ከፍ! ጥርስህን ተጠቀምበት እንጂ፣ ለመሳቅ ብቻ ነው ፈጣሪ የሰጠህ?»

አሰረ። ግንባሩን ግንዱ ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ። እሷም ብዙ ተሳደበች፤ ዝም ካለች የሚወድቅ መሰላት። ደሙ ሲረጋ ገመዱን በደህና እጁና በታሰረው እጁ ጣቶች እያላላ፣ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ወረደና ተዘረጋ።

«አንቺ ባትኖሪ ኖሮ፣ ወላሂ...»

«እሱን ተወው። እጅህ ሲድን የት ነው ሹግልህ፣ ሥራህ?»

«ዳይድ ገጠር፣ የቴምር እርሻው ላይ።»

«እዚያ ከዛፉ ሥር ማን አለ?»

ሊስቅ ሞከረ። «ፍየሎች።»

አልሳቀችም። ያን ጊዜ ነው የቪዲዮው ድምፅ መቆሙን ያስተዋለችው። ማዳም በሩ ላይ ቆማለች፣ ነጩን የመድኃኒት ሳጥን ይዛ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

ማዳም ሳጥኑን ደረጃው ላይ አስቀምጣ በአገጯ ወደ አሕመዲን አመለከተች። የሺአረግ ቁስሉን አጠበች፤ በንጹሕ ፋሻ ጠቀለለችው። ሲያበቃ ማዳም ክዳኑን ልትዘጋ ጎንበስ አለች። የሺአረግ ሳትጠይቅ እጇን ሰድዳ ሌላ ጥቅል ፋሻ አነሣች።

«ይሄስ ለማን ነው?» አለች ማዳም በዓረብኛ፣ ክዳኑን እንደያዘች።

«ለእሱ። ለላይ።»

ማዳም ቀና ብላ የዛፉን አናት አየች፤ ከዚያ ግንዱ ላይ የደረቀውን ደም እስከ ታች ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። የሺአረግ እጇን እስክታወጣ ጠበቀችና ክዳኑን ዘጋችው።

«ያላ፣ ጸጉርሽን ሸፍኚ» ብላ ገባች።

የሺአረግ ፋሻውን ከረጢቷ ውስጥ ከትታ አፏን አሰረች። ከዚያ ሻሿ ያለ መስሏት ራሷን ዳበሰች። ገመዱን ስትስብ ጸጉሯ ላይ በረገፈው የአበባ ዱቄት መዳፏ ቢጫ ሆኖ ተመለሰ።