አንድ ስምንተኛ

የውቢት አጎት ከቢቸና አስጽፎ ያመጣውን የውርስ መሬት ውል ዘረጋ። «ጋሼ፣ የእርስዎን ድርሻ ከአንድ ስድስተኛ ወደ አንድ ስምንተኛ ከፍ አድርጌልዎታለሁ» አለ።

አባቷ ወደ ውቢት ዞረ። «አንቺ ተማሪዋ፣ ስምንት ከስድስት አይበልጥም?»

«ይበልጣል፣ አባ» አለች ፈጥና።

«እሰይ! አንድ ቀን እንኳ ታላቅነቴን አወቀልኝ» ብሎ አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ።

ያን ጊዜ አጎቷ ካመጣቸው ምስክሮች አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ውቢት ትናንት መምህሯ አንዱን ሸንኮራ ለስድስት፣ አንዱን ለስምንት ልጆች ሲከፍሉ የስምንቱ ቁራጭ ማጠሩ ትዝ አላት። በሰው ፊት ያዋረዱትን አባቷ እንዴት እንደሚመታ ታውቃለች። ጣቱ ወደ ወረቀቱ ሲወርድ ግን መዳፏን ከሥሩ ሰደደች፤ ቀለሙ እጇ ላይ አረፈ።

«ያንሳል፣ አባ» አለች፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።