ለቦዩ ዳር ቤት መጋረጃ

መርከቧ የፓናማን ቦይ ስታልፍ፣ ደምመላሽ ለዕረፍት ቤት የገዛውን መሬት ለሚስቱ ለእታፈራሁ አሳያት። መሬቱ አንዲት ጉብታ ነበረች፤ እሱ ግን ግማሽ አህጉር የገዛ ያህል እጁን ዘረጋ።

«ከእንግዲህ የኔን በረንዳ ሳይሳለም የሚያልፍ መርከብ የለም» አላት።

አልሳቀችም። «በማን ስም ገዛኸው?»

«በሁለታችን ነዋ። ላስደንቅሽ ብዬ እኮ ነው።»

በአዲሱ ሕግ ሰው አፈር የሚኖረው በአንድ አገር ብቻ ነው፤ ባሕር ማዶ መሬት የገዛ አገሩ አይቀበርም። ደምመላሽ ይህን ያውቃል። ሞት ግን እሱን የሚደፍር አልመሰለውም ነበር።

«ታዲያ ፅጌ አጠገብ ማን ሊተኛ ነው?» አለችው።

ልጃቸው ፅጌ በሰባት ዓመቷ ሞታ ደብረ ብርሃን ተቀብራለች። ከጎኗ ያለውን ቦታ እናቷ ለራሷ ስትጠብቀው ኖራለች።

«አስለውጠዋለሁ። ሹማምንቱ ሁሉ ወዳጆቼ ናቸው።»

«እንደማይለወጥ ታውቃለህ።»

እታፈራሁ ፅጌ አጠገብ ስትተኛ ልትገነዝበት ከኢየሩሳሌም ያመጣችውን፣ የትም ስትሄድ የማይለያትን ነጭ ጨርቅ ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«የምትሠራው ቤት መስኮት ምን ያህል ነው? ይሄ ለመጋረጃ ይበቃ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ሁሉን ነገር አሥር እጥፍ አድርጎ የሚያወራው ደምመላሽ የጨርቁን ጫፍ ያዘ።

«መስኮቷ ትንሽ ናት» አላት። «በጣም ትንሽ።»