የቅዳሜው ዱባለ

በየቅዳሜው በጋዜጣው የጀርባ ገጽ ላይ የሚወጣውን የአስር አለቃ ዱባለን አስቂኝ የሥዕል ታሪክ የሚስለው ሰው ወታደር ቤት ረግጦ አያውቅም። ጨዋታውን የሚያቀብለው ግንባር ያለው ታናሽ ወንድሙ ምንውዬለት ነው። ምንውዬለት ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር እናታቸው ጋ ይደውላል፤ እሷም ሰዓሊው ከሥራ ሲመለስ ታወራለታለች።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጦርነቱ ከፍቷል። ሰፈሩ መርዶ ሰልችቶታል። ሰዓሊው ግን አንድ መጽናኛ አለው፤ ቀልዱ እስከመጣ ድረስ ወንድሙ በሕይወት አለ።

ዛሬም እናቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ያ ቀልደኛ ደውሎ ነበር» አለችው፣ ነጠላዋን እያጣፋች።

«እሰይ! ምን አለ?»

«አለቃቸው ለጉብኝት ሲመጣ ሰው ጎደለባቸው አሉ። አንዲት ፍየል ቆብ ደፍተውላት ከሰልፉ አቆሟት። አለቅዬው ፊቷ ቆሞ ‹አንተ! ጢምህን ለምን አልተላጨህም?› ብሎ አይጮኽባት መሰለህ!»

ገብቶ ሊስለው እርሳሱን አነሣና እጁ ቀጥ አለ። ፍየሏን ያውቃታል። ምንውዬለት ገና ሳይዘምት፣ ዱባለ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጣ ላይ የወጣ ቅዳሜ፣ ከነቆቧ ከነጢሟ ሰዓሊው ራሱ ፈጥሮ የሳላት ናት።

«ድምፁ እንዴት ነው፣ እማዬ?»

«ደህና ነው። ምነው፣ አያስቅም እንዴ?»

ቀና ሲል እናቱ በልቅሶ ባበጡ ዓይኖቿ ፊቱን እያየች ትጠብቃለች።

«ያስቃል እንጂ» አለና ሳቀላት።