የተከፈተው በር

ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ወትሮው የኮምፒውተር ጨዋታውን የሚመራው እሱ ነበር። ታናሽ እህቱና ሁለት አብሮ አደጎቹ ከየቤታቸው ገብተዋል። የዋሻውን ካርታ የሳለው እሱ ነው፤ ጭራቁንም ከእሱ በቀር ማንም አያንቀሳቅሰውም። ተራው የእህቱ ሆነና የመጨረሻውን በር ስትከፍት ግን ስክሪኑ ላይ የታየው ዋሻ አይደለም። የእሱ ቤት ኮሪደር ነው፣ ጠዋት ያወለቀው እርጥብ ጫማ እንኳ ሳይቀር።

«ይሄን ማን ነው የሳለው?» ሲል ጠየቃቸው።



«ወንድምዓለም፣ አትቀየመኝ» አለች እህቱ። «‹ወይ የእሱን በር ክፈቱልኝ፣ ወይ የእናንተን› አለን።»

«ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?»

አንድ በአንድ ከጨዋታው ወጡ። እሱ ማውሱን ሳይነካ ጭራቁ ካርታው ላይ አንድ ካሬ ተራመደ። ከእሱ ጀርባ የኮሪደሩ ጣውላ ሲጥ አለ።