«ቤቶች» ብሎ የገባው ሌባ

«አሁን ጨረስክ ማለት ነው?» አለችው ሙሚና።

«ጨረስኩ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ ጨረስኩ!»

«ታዲያ ፊትህ ምነው የተሸነፈ ሰው መሰለ?»

ታሂር ዐይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም... ጌሙን የሠሩት፣ የማያውቃቸው ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ ይሄዳል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቆቦ። የሱቁ ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል። መብራት ከሦስት ቀን በኋላ ገና መምጣቱ ነው።

ታሂር ሞባይል ጠጋኝ ነው። ሙሚና ሚስቱ ናት፤ ምሳ ይዛለት መጥታ ነው።

ጌሙን ሲጀምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሁን ሠላሳ ሦስት።

ድሮ የወጣ የድብቅ ጌም ነው። አንድ ሌባ አለ። መሣሪያ የለውም። ከሮጠ ኮቴው ይሰማል። በጥላ በጥላ እየተለጠፈ የሰባት ዘበኞችን ዐይን ማለፍ አለበት።

አንዱ ካየው... ከመጀመሪያው።

ስድስቱ ይታለፋሉ። ሰባተኛው ግን ከውስጥ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል። አይተኛም። አይዞርም።

ሲጀምሩት ሁለት ነበሩ። እሱና ካሳ። ካሳ ቤት በነበረ አሮጌ ዴስክቶፕ አንዱ ኪቦርዱን ይይዛል፣ ሌላው ዘበኞቹን ይጠብቃል።

«ዞረ! ሂድ! ... ኧረ ቁም!»

የካሳ እናት እማማ ታንጉት ምስር እየለቀሙ ከኋላ ያዩዋቸዋል።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚድኸው?»

«እንዳይታይ ነው እማማ።»

«ሰው ቤት ሲገባ ‹ቤቶች› ይባላል። አሳዳጊ የበደለው!»

ሁለቱ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ።

እማማ ታንጉት አምና ዐረፉ።

ታሂር ለሥራ ሰመራ ነበር። ሲመለስ ሰልስቱ አልፏል።

«ነገ ለቅሶ እደርሳለሁ» አለ።

ነገ ደከመው። ከነገ ወዲያ አፈረ።

አርባቸው አለፈ... ሰማንያቸው አለፈ...

ለቅሶ እንደ እርጥብ እንጨት አይደለም፤ በቆየ ቁጥር አይቀልም።

ደግሞ በእጃቸው የበላ ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ታሂር በዋናው መንገድ አይሄድም። የካሳ ጎሚስታ እዚያ ነዋ። በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይዞራል። ካሳን ከሩቅ ካየ የማያውቀው ሱቅ ገብቶ የማይፈልገውን ሳሙና ያገላብጣል። አንዴ ዋጃ ላይ ፊት ለፊት ሊገጣጠሙ ሲሉ፣ የተዘጋ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሃሎ... ሃሎ...» እያለ ጀርባውን ሰጠ።

«አንተ እኮ ጌሙን የምትጫወተው ቆቦ ላይ ነው» ትለዋለች ሙሚና።

ያን ቅዳሜ እንደገና ሰባተኛው በር ላይ ደረሰ። ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ አያውቅም። ደክሞታል። መሸሹም፣ መደበቁም...

የእማማ ታንጉት ድምፅ መጣበት፤ «‹ቤቶች› ይባላል!»

ጌሙ የማንኳኳት ቁልፍ አለው። ድምፅ ስለሚያሰማ አንዴም ነክተውት አያውቁም።

ተጫነው።

ኳ... ኳ...

ዘበኛው ተነሣ። በሩን ከፍቶ ወጣ። ሌባው በጎኑ ሾልኮ ገባ።

አለቀ።

«ለማን ልንገረው?» አለ ታሂር።

«ለማን እንደምትነግረው ታውቃለህ።» ጫማውን በእግሯ ወደ እሱ ገፋችለት።

በዋናው መንገድ ሄደ። ጎሚስታው ተዘግቷል። እስከ ካሳ ቤት ዘለቀ። በሩ ላይ ቆመ።

«ቤቶች!»

ኳ... ኳ...

«ቤቶች!»

ካሳ ከፈተ። እጁ የጎማ ጥላሸት ነው።

«እግዜር ያጥናህ» አለ ታሂር። ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ ያደረች ቃል... ስትወጣ ድምፁን ይዛው ወጣች።

ካሳ አየው። አየው።

«ያ የዋጃው ሰውዬ... ስልኩን አነሣልህ?»

«አይተኸኝ ነበር?!»

«መች መደበቅ ታውቅበታለህ? ድሮም ኪቦርዱን አንተ ስትይዝ ነው የምንያዘው።»

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?»

«እንዳታፍር ብዬ ነዋ። በወፍጮ ቤቱ በኩል ብቅ ስትል ፊቴን አዞራለሁ። ሮቢት ስሄድ እንኳ በሱቅህ በር እንዳላልፍ በገበያው ጀርባ ነው የምዞረው።»

ታሂር ግድግዳውን ተደገፈ።

ዓመት ሙሉ የሸሸው ዘበኛ... ዓመት ሙሉ ሆን ብሎ ፊቱን ሲያዞርለት ነበር።

«ጌሙን ጨረስኩት» አለ በመጨረሻ።

«ውሸትህን ነው! በምን?»

«በእናትህ።»

«ምን በእናትህ እያልክ ትለምነኛለህ? ንገረኝ እንጂ!»

«በእናትህ ነው የምልህ! ‹ቤቶች› ብዬ ነው የገባሁት።»

ካሳ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ...

የዘገየ ለቅሶ ያሳፍራል። የቀረ ለቅሶ ግን የሞተውንም ያለውንም ይቀብራል። እኛ የምንሸሸው ሰውም እኛን እንዳያሳፍር ብሎ ፊቱን ሲያዞር ደክሞት ይሆናል።

እናንተስ... የማንን በር ሽሽት ነው በጀርባ መንገድ የምትዞሩት? ኮመንት ላይ ስሙን ብቻ ጻፉ። ወይ አትጻፉ፤ ሄዳችሁ «ቤቶች» በሉ።

ካሳ ዐይኑን በክንዱ ጠረገ።

«ግባ እንግዲህ፤ ዝንብ አታስገባብኝ።»

በሩ ተዘጋ።